አንድ መቀመጫ፣ መቶ ጥያቄ

ኦክቶበር 1961 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ምርጫ ተካሄደ። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገዥው ናሽናል ፓርቲ 105 መቀመጫ ጠቀለለ፤ ዋናው ተቃዋሚ ዩናይትድ ፓርቲ 49 አገኘ። ከሁለት ዓመት በፊት ከዩናይትድ ፓርቲ ተገንጥለው ፕሮግረሲቭ ፓርቲን የመሠረቱት ደርዘን የሚጠጉ እንደራሴዎች ግን ከአንዷ በቀር ሁሉም ወንበራቸውን አጡ። የተረፉት ሔለን ሱዝማን ነበሩ። በጆሃንስበርግ የባለጠጎች ሰፈር በሃውተን ተወዳድረው በ564 ድምፅ ብልጫ ለጥቂት አለፉ። ከዚያ ወዲያ ለ13 ዓመታት፣ እስከ 1974 ድረስ፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ፕሮግረሲቭ ፓርቲ ማለት እሳቸው ብቻ ሆኑ።

የድምፅ ቆጠራው ውጤት ገና ስብሰባው ሳይከፈት በሚታወቅበት ቤት አንድ ሰው ምን ይሠራል? ሕግ ማስወጣት አይችልም። የቀረበውን ረቂቅ ማስቀረትም አይችልም። የወይዘሮ ሱዝማንን ሥራ በድምፅ ውጤት ለመለካት የሚነሳ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው የሽንፈት ዝርዝር ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤውን የሚገልጥ ግን ሌላ ነገር ያያል። የማይሸነፍ መንግሥት እንኳ ሲጠየቅ መመለስ ነበረበት፤ ወይዘሮዋም የያዙት ይህንኑ ቀጭን ክር ነበር።

ሔለን ሱዝማን ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ በምትገኘው የማዕድን ከተማ ጀርሚስተን ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊቱዌንያ የተሰደዱ አይሁዶች ነበሩ። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። በ1940ዎቹ መንግሥት በከተማ የሚኖሩ ጥቁሮችን የሚመለከቱ ሕጎችን እንዲመረምር ያቋቋመው የፋገን ኮሚሽን ሥራ ሲጀምር፣ የደቡብ አፍሪካ የዘር ግንኙነት ተቋም ለኮሚሽኑ ያቀረበውን ማስረጃ በማዘጋጀት ተሳትፈዋል። ያ ሥራ የጥቁሮችን እንቅስቃሴ የሚገድበው የይለፍ ሕግ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ እንዴት እንደሚበትን በወረቀትና በቁጥር አሳያቸው። ፓርላማ የገቡት በ1953 በዩናይትድ ፓርቲ ስም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም የአስተማሪነት ጠባያቸው አልለቀቃቸውም፤ ቁጥር ይወዳሉ፣ የተድበሰበሰ መልስ አይወዱም።

የገቡበት ቤት ለእንዲህ ያለ ሰው የሚመች አልነበረም። አብዛኞቹ አባላት አፍሪካንስ ተናጋሪ፣ የካልቪን ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ ወንዶች ናቸው። ወይዘሮዋ ደግሞ ሴት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪና አይሁድ። ለመናገር ሲነሱ "ወደ ሞስኮ ሂጂ!" የሚል ይጮኻል፤ ሌላው "ወደ እስራኤል ተመለሺ!" ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሄንድሪክ ፈርቩርት አንድ ቀን "አንቺን ከሰው አልቆጥርም፣ ሰርዤሻለሁ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል ወረወሩ። ወይዘሮዋ ዓለም በሙሉ እርስዎን ሰርዞዎታል ብለው መለሱ። ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር አይቶ ለማያውቅ አንድ ሚኒስትርም ሄደው እንዲያዩ መከሩት፤ ሲሄዱ ግን ሰው መስለው ይሂዱ አሉት።

ቀልዱ ከባዱን ነገር አይሸፍነውም። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1966 ፈርቩርት እዚያው ምክር ቤቱ ውስጥ፣ በወንበራቸው ላይ እንዳሉ በአንድ መልእክተኛ በጩቤ ተወግተው ሲሞቱ፣ በወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ፒተር ቪለም ቦታ ጣታቸውን ወደ ወይዘሮ ሱዝማን ቀስረው፣ ይህን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ እያሉ ጮኹባቸው። ወይዘሮዋ ነገሩን በዝምታ አላለፉትም፤ ይቅርታ ካልተጠየቅሁ ብለው አቤት አሉ፣ ቦታም ይቅርታ ጠየቁ። ማታ ማታ ቤታቸው ስልክ እየደወለ የሚሳደብ ሰው ሞልቶ ነበር። ለዚያም መላ አበጁ፦ ስልኩ አጠገብ ፉጨት የምታሰማ ፊሽካ አስቀምጠው፣ ስድብ ሲሰሙ በደዋዩ ጆሮ ላይ ይነፏት ነበር።

እዚያ ቤት ውስጥ ከነበሩት ይልቅ ያልነበሩት ይበዙ ነበር። ከአገሪቱ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ጥቁር ሕዝብ የመምረጥ መብት አልነበረውም። ቀድሞ ጥቁሮችን "ይወክላሉ" ተብለው የሚመረጡ ጥቂት ነጭ እንደራሴዎች ነበሩ፤ እነሱም በ1959 በወጣ ሕግ መሠረት በ1960 ከምክር ቤቱ ወጡ። ስለዚህ ባሏ ከከተማ የተባረረባት፣ ልጁ ያለ ክስ የታሰረበት፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው የተባለ ሰው አቤት የሚልበት እንደራሴ አልነበረውም። ደብዳቤው ሁሉ ወደ ሃውተኗ እንደራሴ ይጎርፍ ጀመር። ወረቀት ላይ የሀብታም ነጮች ተወካይ ናቸው፤ በደብዳቤ ሳጥናቸው ሲታዩ ግን ድምፅ የሌላቸው ሁሉ ተወካይ ሆነው ነበር።

ብቻቸውን በቆዩበት የመጀመሪያው የጉባኤ ዘመን ከ60 በላይ ንግግር አደረጉ፤ ከ20 በላይ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ፤ ያስመዘገቧቸው ጥያቄዎች ደግሞ ከ100 በላይ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ኬፕታውን የሚሰበሰበው ከጃንዋሪ ጀምሮ ለግማሽ ዓመት ገደማ ስለነበር፣ ይህ ሁሉ የተከናወነው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ትልቅ ፓርቲ ሥራውን ይከፋፈላል፤ አንዱ በጤና፣ አንዱ በትምህርት፣ አንዱ በፖሊስ ጉዳይ ይናገራል። የአንድ ሰው ፓርቲ ግን የሚያካፍለው ሰው የለውም። ወይዘሮዋ በሠራተኛ ሕግ፣ በእስር ቤት፣ በጡረታ፣ በጋብቻ ሕግ፣ በበጀት፣ በሁሉም ላይ ረቂቁን አንብበው መምጣት ነበረባቸው። ባለቤታቸው ሐኪም ስለነበሩ ኑሯቸው ጆሃንስበርግ ነው፤ ሁለት ሴት ልጆችም አሏቸው። ወይዘሮዋ የጉባኤውን ወራት ከቤተሰባቸው ርቀው ኬፕታውን ያሳልፉ ነበር።

ከንግግሩና ከጥያቄው የትኛው ይበልጥ ሠራ ቢባል፣ ጥያቄው።

የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ሥርዓቱን የወረሰው ከእንግሊዝ ነው። በዚህ ሥርዓት ጥያቄ የሚያቀርብ እንደራሴ አስተያየት ማከል፣ ሚኒስትሩን መውቀስ ወይም ክርክር መክፈት አይፈቀድለትም። ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ይገባና በጉባኤው አጀንዳ ላይ ይታተማል። ሚኒስትሩ ከበታች ሹማምንቱ መረጃውን አሰባስቦ ቀን ጠብቆ ይመልሳል። የመለሰው ቃል ሐንሳርድ በሚባለው ቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ንግግር ሲሆን ሚኒስትሩ ጆሮውን ሊደፍን፣ ሊስቅ፣ ወጥቶ ሻይ ሊጠጣ ይችላል። ጥያቄ ሲሆን ግን ቢያንስ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ መዝገብ ገልጦ መቁጠር አለበት።

ስለዚህ የጥሩ ጥያቄ ብልሃት መጥበቡ ላይ ነው። መንግሥት ለምን ሕዝቡን ያንገላታል ተብሎ ቢጠየቅ ሚኒስትሩ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ ስለ ሥልጣኔና ስለ ጸጥታ ያወራል። ባለፈው ዓመት በይለፍ ሕጉ መሠረት ስንት ሰው ለፍርድ ቀረበ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመለሰው ቁጥር ብቻ ነው። ወይዘሮ ሱዝማን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ስንት ሰው ተገረፈ? ስንት ሰው በስቅላት ተቀጣ? ከየትኛው ከተማ ስንት ቤተሰብ ተነሳ፣ የተወሰደውስ ወዴት ነው? ከአንድ ዘር መዝገብ ወጥቶ ወደ ሌላ ዘር መዝገብ የተዛወረው ስንት ሰው ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ላላወቀው እንግዳ ሊመስል ይችላል። በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ደቡብ አፍሪካዊ ከነጭ፣ ከቅይጥ ወይም ከጥቁር መደብ መድቦታል፤ መደቡም የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማርና ማንን እንደሚያገባ ይወስናል። ግን የሰው መልክ እንደ ሕግ አንቀጽ በመስመር አይከፈልም። ስለዚህ በየዓመቱ አንዳንዱ "ነጭ" ቅይጥ ነህ ይባላል፤ አንዳንዱ "ቅይጥ" ነጭ ይሆናል። መንግሥት ዘርን ተፈጥሮ የለየችው ነገር ነው እያለ ሲሰብክ፣ ሚኒስትሩ ተነስቶ ዘንድሮ ይህን ያህል ሰው ዘሩ ተቀይሯል ብሎ ሲመልስ፣ ከዚያ በኋላ ንግግር አያስፈልግም ነበር።

የይለፉም ቁጥር እንዲሁ ነበር። ዕድሜው 16 የሞላው ጥቁር ሁሉ የይለፍ ደብተር መያዝ ግዴታው ነው፤ ደብተሩን ቤቱ ረስቶ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ይታፈሳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በእነዚህ ሕጎች ለፍርድ የሚቀርበው ሰው በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ቁጥሩን ለ365 የሚያካፍል አንባቢ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በየቀኑ ከ1,300 ሰው በላይ ይደርሰዋል። ወይዘሮዋ ማካፈሉን ለሚኒስትሩ አይሰጡትም። ሚኒስትሩ ጥሬውን ቁጥር ይሰጣል፤ ስሌቱን በማግሥቱ ጋዜጣ ይሠራዋል።

ሚኒስትሮቹ መውጫ ቀዳዳ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ መረጃ አይያዝም፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል አይገለጽም፣ አሰባስቦ ለማቅረብ ብዙ ድካም ይጠይቃል የሚሉ መልሶች ነበሩ። እነዚህም ቢሆኑ ይታተማሉ። የታሰሩ ሰዎችን ቁጥር አልናገርም ያለ መንግሥት ቁጥሩን ባይሰጥም የሚደብቀው ነገር እንዳለው ተናግሯል። ወይዘሮዋም በዚያ አያበቁም፤ ጥያቄውን ቆራርሰው፣ አንዱን በክፍለ አገር፣ አንዱን በወንድና በሴት፣ አንዱን በዕድሜ አድርገው እንደገና ያስመዘግቡታል።

ይህ ሁሉ ለምን ያን ያህል ክብደት እንደነበረው ለመረዳት የጊዜውን የጋዜጣ ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1959 የወጣው የእስር ቤቶች ሕግ ስለ እስር ቤት ሐሰተኛ ወሬ ማተምን ወንጀል አድርጎት ነበር፤ እውነት መሆኑን የማረጋገጡ ሸክምም በጋዜጣው ላይ ነው። በ1962 የወጣው፣ የሳቦታዥ ሕግ እየተባለ የሚጠራው ደግሞ የእገዳ ትእዛዝ የተላለፈባቸውን ሰዎች ቃል መጥቀስን ከልክሏል። አርታኢዎች በየቀኑ ጠበቃ እያማከሩ ነበር የሚያትሙት። በፓርላማ የተነገረን ቃል ግን ጋዜጣ ያለ ፍርሃት ማተም ይችላል። ከእስር ቤት በደብዳቤ የመጣ አቤቱታ እንዲሁ ቢታተም አርታኢውን ያሳስር ይሆናል፤ እንደራሴዋ በጥያቄ መልክ ምክር ቤት ውስጥ ካነሱት ግን ዜና ነው። ራንድ ዴይሊ ሜይልን የመሰሉ ጋዜጦች ይህን ቀዳዳ በደንብ ተጠቅመውበታል። የዘር ግንኙነት ተቋምም በየዓመቱ በሚያወጣው የአገሪቱ ሁኔታ ዘገባ ውስጥ የሚኒስትሮቹን መልሶች ከነቀናቸው ይለቅማቸው ነበር።

መንግሥትን ያስቆጣው ይኸው ነው። አንድ ሚኒስትር ተነስቶ፣ ይህን ሁሉ የሚጠይቁት ደቡብ አፍሪካን በውጭ አገር ለማሳፈር ነው ሲል ከሰሳቸው። ወይዘሮ ሱዝማን የመለሱት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል፦ አገሪቱን የሚያሳፍሯት የእኔ ጥያቄዎች ሳይሆኑ የእናንተ መልሶች ናቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ ሚኒስትሩ አንዴ ከአፉ ያወጣውን ቁጥር ወደ ኋላ የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም። ቁጥሩን ያወጣው ተቃዋሚ ቢሆን ውሸት ነው ይባል ነበር፤ ያወጣው ግን ራሱ ነው።

1963 የመጣው በዚህ ሁሉ መካከል ነው፤ ንግግሩም ጥያቄውም የተፈተነው በዚያ ዓመት ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ኖቬምበር፣ ፖቆ የተባለው የምሥጢር ንቅናቄ ተከታዮች በኬፕ ክፍለ አገር የምትገኘውን የፓርልን ከተማ አጥቅተው ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቶ ነበር። የፍትሕ ሚኒስትሩ ጆን ፎርስተር ይህን አስታከው በኤፕሪል 1963 አዲስ ረቂቅ ይዘው ቀረቡ። በረቂቁ መሠረት ማንኛውም የፖሊስ መኮንን በፖለቲካ ወንጀል የጠረጠረውን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከ 90 ቀን ማሰር ይችላል። እስረኛው ጠበቃ አያገኝም፤ ፍርድ ቤትም ፍቱት ብሎ ማዘዝ አይችልም። 90 ቀኑ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና 90 ቀን መጀመር ይቻላል። በረቂቁ ውስጥ ሌላም አንቀጽ ነበረ፦ ፍርዱን የጨረሰ እስረኛ ከወጣ አደጋ ያደርሳል ተብሎ ከታመነ የፍትሕ ሚኒስትሩ እስር ቤት ሊያስቀረው ይችላል። አንቀጹ ለማን እንደተሰፋ አገር ያውቅ ነበር። የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ መሪ ሮበርት ሶቡክዌ፣ ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ 69 ሰው በገደለበት በ1960ው የይለፍ ተቃውሞ ምክንያት የተፈረደባቸውን የሦስት ዓመት እስራት የሚጨርሱት ሜይ 3 ቀን ነበር።

ዩናይትድ ፓርቲ ተጨነቀ። አንዳንድ አንቀጾች ላይ ቅሬታ ነበረው፤ ግን መራጩ ነጭ ሕዝብ ፈርቷል፣ ለሽብር የሚራራ መስሎ መታየትም አልፈለገም። በሁለተኛው ንባብ፣ ማለትም ምክር ቤቱ የሕጉን መሠረተ ሐሳብ ይቀበል አይቀበል በሚወስንበት ደረጃ፣ ከመንግሥት ጎን ቆመ። ሕጉን በመሠረቱ የተቃወሙት ወይዘሮ ሱዝማን ብቻ ነበሩ። ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ቁጥጥር ማሰር የሕግ የበላይነትን ከሥሩ ይነቅለዋል ብለው ተከራከሩ፤ ተሸነፉም። በሜይ መጀመሪያ ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ሶቡክዌ ከእስራታቸው ማብቂያ በኋላ ቤታቸው አልገቡም፤ ወደ ሮበን ደሴት ተወሰዱ።

በዚያው ወር፣ ሜይ 25 ቀን፣ ከ30 በላይ የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ፤ ከዋና ዋና አጀንዳዎቻቸው አንዱ አፓርታይድ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት ነበር። ኢትዮጵያና ላይቤሪያም ከ1960 ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን በሔግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰው ክርክር ላይ ነበሩ። ኬፕታውን ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን የተቃወመችው ሥርዓት ውጭ ሲወጣ አህጉር ሙሉ ከሳሽ ነበረው።

ንግግሩ ሕጉን አላስቀረም። ከዚያ በኋላ ተራው የጥያቄ ሆነ። ጁላይ 11 ፖሊስ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮኒያ ላይ ያለውን የእርሻ ቤት ወርሮ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪዎችን ሲይዝ፣ ተያዦቹ የገቡት በ90 ቀኑ ሕግ ነበር። ጋዜጠኛዋ ሩት ፈርስት ኦገስት ላይ ተይዘው 117 ቀን ታሰሩ፤ 90ው አልቆ ተፈትተዋል ተብለው ወዲያው እንደገና ተይዘው ማለት ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን ሉክስማርት ንጉድሌ የተባሉ የኮንግረሱ አባል ፕሪቶሪያ እስር ቤት ውስጥ ሞተው ተገኙ። በዚህ ሕግ ተይዘው ከሞቱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

እነዚህ ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው። ስማቸው የማይታወቀውስ? እዚህ ላይ የጥያቄው ሰንሰለት ምን እንደሚሠራ በደንብ ይታያል። በመጀመሪያ በሕጉ እስከ ዛሬ ስንት ሰው ታሰረ ተብሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ ከእነሱ መካከል በስንቱ ላይ ክስ ተመሠረተ ይባላል። ሦስተኛው ስንቱ ተፈረደበት የሚል ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች ደረቅ ናቸው፤ አንዱም ስለ ግፍ አያነሳም። መልሶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን መቀነስ የሚችል ሁሉ ያልተነገረውን አራተኛ ቁጥር ያገኛል፦ ለወራት ብቻቸውን ተዘግተው፣ ተመርምረው፣ ምንም ሳይከሰሱ ወደ ቤታቸው የተመለሱትን። ሕጉ ሥራ ላይ በቆየበት ጊዜ የታሰረው ከ1,000 ሰው በላይ ነበር። ክስ የቀረበባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የተፈረደባቸው ከአራት አንድ ገደማ ናቸው። ሕጉ አደገኛ ወንጀለኞችን ለመያዝ ነው ለሚለው ክርክር ከዚህ የከበደ መልስ አልነበረም፤ ቁጥሩም የመንግሥት ነው።

መንግሥት በ1965 መጀመሪያ የ90 ቀኑን አንቀጽ አቆመው። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ በዚያው ዓመት 180 ቀን የሚያሳስር ሌላ ሕግ ወጣ። የሶቡክዌ አንቀጽ ደግሞ በየዓመቱ በፓርላማ ውሳኔ መታደስ ነበረበትና ወይዘሮ ሱዝማን በየዓመቱ ተነስተው ይቃወሙታል፣ በየዓመቱ ይሸነፋሉ። ሶቡክዌ ከደሴቱ የወጡት ከስድስት ዓመት በኋላ በ1969 ነው፤ እሱም ወደ ኪምበርሊ ከተማ በግዞት።

ጥያቄ ሳይጠየቅም የሚሠራበት ጊዜ አለ። በፌብሩዋሪ 1967 ወይዘሮዋ ሮበን ደሴትን ለማየት ፈቃድ አገኙ። የእስር ቤቶች ዋና ኃላፊ አብረዋቸው ነበሩ። የፖለቲካ እስረኞቹ በነጠላ ክፍሎች የተዘጉበት ኮሪደር ሲደርሱ፣ የመጀመሪያው እስረኛ ስለ እኛ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ያለው ማንዴላ ነው አላቸው። ኔልሰን ማንዴላ ኃላፊው እዚያው ቆመው እየሰሙ ስለ ድንጋይ ፈለጣው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱና ስለ ትምህርት ክልከላው አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያ እጁ ላይ የናዚ ስዋስቲካ የተነቀሰ አንድ ጨካኝ ጠባቂ እንዳለ ጠቆሙ። ወይዘሮዋ ነገሩን ይዘው ወደ ፍትሕ ሚኒስትሩ ሄዱ። የሂትለር ምልክት የተነቀሰ ሰው ጥቁር እስረኞችን እያሠራ ነው የሚል ጥያቄ በፓርላማ ቢነሳ በማግሥቱ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ እንደሚወጣ ለሚኒስትሩ ማስረዳት አላስፈለገም። ጠባቂው ከደሴቱ ተነሳ።

በዚያ ኮሪደር መጨረሻ ያገኟቸው እስረኛ ከአምስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1962 እዚያ በተካሄደ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ንግግር አድርገው፣ በኋላም ተመልሰው ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ወደ አገራቸው ሲገቡ ተይዘው በዚያው ዓመት አምስት ዓመት ሲፈረድባቸው፣ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ ያለ ፓስፖርት ከአገር መውጣት ነበር። የዕድሜ ልክ እስራቱ የመጣው በ1964 ከሪቮኒያው ችሎት ነው።

ወይዘሮ ሱዝማንን ያልወደዳቸው መንግሥት ብቻ አይደለም። ፓርቲያቸው በ1960ዎቹ የመምረጥ መብትን ለሁሉም አላለም፤ የተወሰነ ትምህርት ወይም ንብረት ያለው ሁሉ ዘር ሳይለይ ይምረጥ ነው ያለው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ለሚለው የነጻነት ትግል ይህ ግማሽ መንገድ ነበር፤ ፓርቲውም አቋሙን የቀየረው በ1978 ነው። ነጮች ብቻ በሚመርጡት ምክር ቤት መቀመጣቸው ራሱ ለሥርዓቱ የዴሞክራሲ መልክ ይሰጠዋል የሚሉ ነበሩ፤ አፓርታይድ ለውጭ እንግዳ "እኛም ተቃዋሚ አለን" ብሎ የሚያሳየው እሳቸውን ነው ይሉ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ የኢኮኖሚ ማዕቀብን ተቃወሙ፤ መጀመሪያ የሚጎዳው ጥቁሩ ሠራተኛ ነው ብለው። በዚህ ምክንያት በውጭ አገር በሄዱበት መድረክ የተጮኸባቸው ጊዜ ነበር።

ትችቱ መሠረት ነበረው፤ በሌላ በኩል ግን ደሴቱ ላይ የታሰሩት፣ እሳቸው ከመጡ በኋላ አያያዛቸው እንደተሻሻለ መስክረዋል። ያ ምክር ቤት ውስጥ ባይኖሩ ደግሞ የእስረኛውን፣ የተገራፊውንና የተፈናቃዩን ቁጥር ከሚኒስትር አፍ የሚያስወጣ ሰው ማን እንደሚሆን ለመገመት ይከብዳል። ዩናይትድ ፓርቲ በ49 ወንበር አላደረገውም።

በ1974 ምርጫ ብቸኝነታቸው አበቃ፤ የፓርቲያቸው ሌሎች እጩዎች አሸንፈው ገቡ። በ1977 ፓርቲው ዋና ተቃዋሚ ሆነ። የይለፍ ሕጎቹ በ1986 ተሻሩ። ወይዘሮዋ ከፓርላማ የወጡት ከ36 ዓመት አገልግሎት በኋላ በ1989 ነው፤ በዚያን ጊዜ ያስመዘገቧቸው ጥያቄዎች ከ2,000 በላይ ሆነው ነበር። በመጨረሻው የጉባኤ ዘመናቸው ካቀረቧቸው ሐሳቦች አንዱ አንድ ዳኛን የሚመለከት ነበር፤ አንድ ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ተደብድቦ በተገደለበት ጉዳይ ዳኛው የሰጡት ቅጣት እጅግ ቀላል ነው ብለው ምክር ቤቱ እርምጃ እንዲወስድ ጠየቁ። እንደለመዱት ተሸነፉ። ዲሴምበር 10 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ማንዴላ አዲሱን ሕገ መንግሥት ሻርፕቪል ላይ ሲፈርሙ ግን አጠገባቸው ነበሩ። ያረፉት ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 በ91 ዓመታቸው ነው።

ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ተመራማሪ በአንድ ዓመት ስንት ሰው በይለፍ ሕግ እንደተከሰሰ፣ ስንት ሰው ያለ ክስ እንደታሰረ ወይም ስንት ሰው ዘሩ በመዝገብ እንደተቀየረ ለማወቅ ሲፈልግ ከሚያገላብጣቸው ሰነዶች አንዱ ያው የፓርላማ ቃለ ጉባኤ ነው። ከጥያቄው ሥር የጠያቂዋ ስም አለ፤ ከመልሱ ሥር ደግሞ የፎርስተር ወይም የተከታዮቻቸው። የዘር ግንኙነት ተቋሙ ዓመታዊ ዘገባዎችም እነዚህን መልሶች በየርእሳቸው ለይተው፣ የዘንድሮውን ከአምናው አጠገብ አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። የመንግሥት ጸሐፊዎች ለአንዲት እንደራሴ ጥያቄ ሲሉ የቆጠሩት ቁጥር፣ የአፓርታይድ ታሪክ ሲጻፍ ከሥርዓቱ ጠላቶች ሳይሆን ከራሱ ከሥርዓቱ ቢሮ የተገኘ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል።